መርዶ ሸሽተን የወጣናት ኮረብታ

ምስጢር የሚይዝላችሁ ሰው ከፈለጋችሁ እኔን እንዳትመርጡ። ራሴን ለማዋረድ አይደለም፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሁሉ የሚያውቀው ነው። ባሌ ዳዊት ለእናቱ ድንገተኛ ስጦታ ሲገዛ ዕቃውን ከእኔም ይደብቃል። ሆዴ ውስጥ ያለ ነገር ፊቴ ላይ ይነበባል፤ ፊቴ ባይናገር አፌ ይናገራል። እንግዲህ ከዚያ ሁሉ ጎረቤት ተመርጬ፣ ሰው ሊሸከመው የሚከብደውን ዝምታ እንድሸከም የተደረግሁት እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻና ክስ የምጽፍባት፣ ፎቶ ኮፒም የማነሳባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ጠብ ስጽፍ እውላለሁ፤ ማታ ቤቴ ስገባ ደግሞ በሬን ከመክፈቴ በፊት የትዕግስትን በር እቆረቁራለሁ። ትዕግስት ፊት ለፊት ጎረቤቴ ናት፤ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች። እህት የለኝም፤ እሷ ስላለች ግን ጎድሎብኝ አያውቅም።

እናቷ ስታርፍ ታናሽ ወንድሟ ብሩክ ገና ፊደል የሚቆጥር ልጅ ነበር። አባታቸው ቀድመው ስላረፉ እሷው አሳደገችው። ትዳርም፣ ትምህርትም፣ ሁሉንም ለሱ ስትል አቆየችው። እሱም አድጎ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሹፌር ሆነ። የትም ይደር የት፣ ጠዋት ጠዋት በቴሌግራም ድምፁን ይልክላታል። "ቲጂዬ፣ ደህና አድሬያለሁ፤ ቁርስሽን ብዪ" ነው የሚላት። እሷ ደግሞ ይህን ሳትሰማ ሻይ እንኳ አትቀምስም።

ቅዳሜ ፍርድ ቤት ስለሚዘጋ ሱቄ ጭር ይላል። የዚያን ዕለት ጠዋት ወለሉን እየወለወልኩ ሳለ ዳዊትና የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ከበደ አብረው መጡ። ጋሽ ከበደ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። ገና ሳይናገሩ እናቴ ያረፈች መሰለኝ።

"ሰናይት፣ እስቲ ተቀመጪ" አሉኝ።

"ምነው፣ በደህና ነው ጋሽ ከበደ?"

"የትዕግስት ወንድም አርፏል።"

ሌሊት አዋሽ አካባቢ መኪናው ተገልብጦ ነው። ወሬው የደረሰው የብሩክ አለቃ ለዳዊት ደውሎ ነው፤ ሁለቱ በሥራ ይተዋወቃሉ። አስክሬኑ ወደ አዲስ አበባ እየመጣ ነው። ከቤተሰቡ የቀሩት ትልቅ ሰው አጎቷ ጋሽ ሙላቱ ናቸው፤ እሳቸውም ከቡታጅራ ተነሥተዋል። ለሷ ግን ማንም አልነገራትም። መቼም እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በመንገድም አይነገርም። ዘመድ ቀርቦ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው አጠገቧ ሆኖ ነው። ይህን ጥሶ ቀድሞ የነገረ ሰው በሰፈሩ እስከ ዕድሜ ልኩ ሲነሣበት ይኖራል።

"እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከሰፈር አውጪልን" አሉ ጋሽ ከበደ። "ድንኳን መትከል አለብን። እሷ በመስኮት እያየች እንዴት ይሆናል?"

"እኔ? ጋሽ ከበደ፣ እርስዎ እኮ ያውቁኛል።"

"እናውቅሻለን። ግን ሌላ ሰው ቢጠራት ትጠረጥራለች። ካንቺ ጋር ከሆነ ትወጣለች።"

ሰበብ ለመፈለግ አልተቸገርንም። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ጀምሮ ትዕግስት አንዲት ኮረብታ ውሰጂኝ እያለች ስትነዘንዘኝ ከርማለች። ከሆለታ መንገድ ገባ ብላ ያለች፣ በአጭር የእግር መንገድ የምትወጣ፣ ከላይዋ አገሩ ሁሉ የሚታይባት ናት። ዳዊት ቦታውን ያውቀዋል። "እዚያ ለሥራ ስንሄድ ስልክ እምቢ ይላል፤ ገጠር ነው። የሚደውልላት ሰው አያገኛትም" አለን። ሦስታችንም በዚህ ተስማማን። ከተማ ያደገ ሰው ስለ ገጠር የሚያውቀው ይህን ያህል ነው።

ትዕግስት በሩን ስትከፍት ስልኳ እጇ ላይ ነበር።

"ብሩኬ ዛሬ ድምፁን አልላከም" አለችኝ፣ እንደምን አደርሽ ሳትል።

"ኔትወርክ ይሆናላ። ተነሺ ልበሺ፣ ኮረብታሽን ላሳይሽ ነው።"

እንደ ሕፃን ደስ አላት። ዳቦ በእንቁላል ሠርታ በላስቲክ ጠቀለለች፤ እሷ ራሷ ግን ገና አልበላችም። ከዚያ ደማቅ ቢጫ ሹራብ ለብሳ ወጣች። በዚህ ልብስ ነው መርዶ የምትሰማው ብዬ አሰብኩ።

"ጥቁሩን ብትለብሺ አይሻልም? መንገዱ አቧራ ነው" አልኳት።

"በጥቁር ደግሞ ማን ፎቶ ይነሳል? ሂጂ እስቲ ወደዚያ።"

ደረጃውን ጨርሰን ግቢው ውስጥ ስንደርስ ሁለት ሰዎች የእድሩን ዕቃ ቤት ከፍተው የድንኳን ብረት እያወጡ ነው። ከወጣን በኋላ ነበር መጀመር የነበረባቸው። ትዕግስት ቆመች።

"ማን ሞቶ ነው?"

አፌ ላይ የመጣልኝን ስም ጠራሁ። "የብሎክ ሰባቱ አቶ ዘለቀ ናቸው መሰለኝ።"

"ውይ፣ አቶ ዘለቀ!" አለችና ነጠላዋን ልታመጣ ወደ ደረጃው ዞረች። "ታዲያ ለቅሶ ሳንደርስ ሽርሽር እንሄዳለን እንዴ? ምን አይነት ሰው ነሽ?"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። የሞተ ጎረቤት አስቀምጦ ኮረብታ የሚወጣ የሰፈራችን ሰው የለም። ክንዷን ያዝኳት። "አስክሬኑ ገና ከክፍለ ሀገር እየመጣ ነው። ቤተሰቡም አልተነገረውም፤ ከሰዓት በኋላ አብረን እንደርሳለን" አልኳት። በሐሰቴ ውስጥ እውነቱ ሁሉ ነበረ፤ የተሳሳተው ስሙ ብቻ ነው። እያቅማማች መኪና ውስጥ ገባች።

ከግቢው በር ስንወጣ አቶ ዘለቀ በሕይወት፣ በደህና፣ ዳቦ በፌስታል አንጠልጥለው ከፊት ለፊት ይመጣሉ። መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዝኩና አንድ ሚኒባስ ልገጭ ለጥቂት ተረፍኩ። ሹፌሩ ሰደበኝ። ትዕግስት ስልኳን እያየች ስለነበር ሰውዬውን አላየቻቸውም።

"ይሄን መንጃ ፈቃድ በእውነት ተፈትነሽ ነው ያገኘሽው?" አለችኝና ሳቀች።

በመንገዱ ሁሉ ትደውላለች። ማግኘት አይችሉም ይላታል፤ ትዘጋና እንደገና ትደውላለች። ቡራዩን እስክናልፍ ጆሮዬ ስልኳ ላይ ተተክሎ ቀረ። አንድ የሩቅ ዘመድ ወይም አንድ ጓደኛው ቢደውልላትስ? ስልኩን ከእጇ ነጥቄ በመስኮት ልወርውረው? እንዲህ ያለ ሐሳብ ሁሉ መጣብኝ።

"ቲጂ፣ እስቲ ስነዳ አትደውዪ፤ ሐሳቤን ትበትኚዋለሽ" አልኳት።

"የረዳቱን ቁጥር የት እንደጻፍኩት ጠፋብኝ እኮ። ደህና አይደለም መሰለኝ ሰኒ።"

"ደህና ነው" አልኩ። ይህች ቃል ከአፌ ስትወጣ እንደ ድንጋይ ከበደችኝ።

ከአስፋልቱ ታጥፈን የጠጠሩን መንገድ ትንሽ እንደሄድን ስልኳን ከፍ ዝቅ አደረገችው። ኔትወርክ የለም። እፎይ አልኩ። መኪናዋን አንድ ወፍጮ ቤት አጠገብ አቆምን፤ የወፍጮው ባለቤት ሴትዮ እንደምትጠብቅልን ነገረችን፤ እኛም ሽቅብ ጀመርን።

ስለ መንገዱ ውበት እንድነግራችሁ አትጠብቁ፤ እኔ ያየሁት የትዕግስትን ጀርባ ነው። ጥቅምት ነበር፤ ጤፉ ነፋስ ሲነካው ይተኛል፣ ይነሣል። ጸጥታው ያስፈራል። ከተማ ውስጥ ብንሆን ጩኸቱ ይሸፍነኝ ነበር፤ እዚያ ግን የራሴን ትንፋሽ እሰማለሁ። እሷ ከፊት ከፊቴ እየሄደች ስለ ብሩክ ታወራለች።

"ለጥር ሽማግሌ ልልክለት ነው። ልጅቷን አይቻታለሁ፤ ጨዋ ናት። ጋሽ ሙላቱንም አናግሬያለሁ፣ እሱ ነው የሚሄድልኝ። አንቺ ደግሞ ሰርጉ ላይ ከእኔ ጋር እንደ እናት ትቆሚያለሽ። ለምንድን ነው የማትመልሽልኝ?"

"ዳገቱ ነው" አልኳት። እንባዬን በሹራቤ እጅጌ ጠረግሁ። እሷ ወደ ኋላ ሳትዞር በወፍራምነቴ ቀለደችብኝ።

አናቱ ላይ ስንወጣ ነፋሱ ተቀበለን። በአንድ በኩል እርሻውና መንደሩ፣ በሌላ በኩል ሩቅ ላይ አዲስ አበባ በጭጋግ ውስጥ ትታያለች። ትዕግስት እጆቿን ዘርግታ "አቤት!" አለች። እኔ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ከጎናችን ባለው ጉብታ ላይ፣ ቀይና ነጭ ተቀብቶ፣ ትልቅ የቴሌ ማማ ቆሟል። ከታች ሸለቆው ውስጥ ነው እንጂ ስልክ የማይሠራው፣ እዚህ ላይ ከልደታ ይልቅ ይሠራል። ዳዊት ታች ቆሞ ነው ለካ ሲሠራ የኖረው።

መጀመሪያ የእኔ ስልክ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። ቀጥሎ የሷ ቦርሳ ውስጥ ጢን አለ።

"ስልክሽን ስጪኝ፣ ፎቶ ላንሳሽ" አልኳት።

"በራስሽ አታነሺም?"

"የኔ ካሜራ ደብዛዛ ነው። ስጪኝ እንጂ፣ ብርሃኑ ሳይሄድ።"

ሰጠችኝ። ድንጋይ ላይ ወጥታ ቆመች፣ ሹራቧን አስተካከለች፣ ፈገግ አለች። ካሜራውን ከፈትኩ። ሳቂታ ፊቷ ስክሪኑን ሞላው። ወዲያው ከላይ በኩል መልእክቶቹ መውረድ ጀመሩ፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል። "ቲጂዬ እግዚአብሔር ያጽናሽ።" "እውነት ነው እንዴ? ብሩኬን?" "ነፍስ ይማር።" የሰው ልጅ ምን ነክቶታል? ዘመዶቿ አፋቸውን ይዘው ሲጨነቁ፣ በስልክ የሚያውቋት ሁሉ ተሽቀዳድመው ያጽናኗታል። በአውራ ጣቴ መልእክቶቹን ወደ ላይ እየገፋሁ ፎቶ ማንሣት ያዝኩ። ሌላ ምን ላድርግ?

"አነሳሽ?"

"አንድ ልጨምር። ወደዚያ ዙሪ። አሁን ተቀመጪ።"

"ስክሪኑን ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትጠርጊው?"

"አቧራ ነው።"

ያን ጊዜ ስልኩ እጄ ላይ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ የመጣው ስም "ብሩኬ" ነው፤ ከስሙ በላይ እየሳቀ የተነሳው ፎቶው አለ። ደነገጥኩ። ለአንድ አፍታ አልሞተም ብዬ አሰብኩ፤ እውነቴን ነው፣ ተሳስተው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ኋላ እንደሰማነው የብሩክ ረዳት ተርፎ ኖሮ፣ የጌታውን ስልክ ቻርጅ አድርጎ ሲከፍተው የእህቱን ጥሪ ሁሉ አየና ሊነግራት ደወለ። ኮረብታው ላይ ግን ይህን ማን ያውቃል?

ትዕግስት ዜማውን አውቃዋለች፤ ለሱ ብቻ የመደበችው ዜማ ነው። ከድንጋዩ ዘላ ወረደች።

"እሱ ነው! ተመስገን! አምጪው፣ ልክ ልኩን ልንገረው!"

ስልኩን ከኋላዬ ደበቅሁት። ሳላስበው ነው ያደረግሁት። እጇን ዘርግታ ቆመች፤ መጀመሪያ የምቀልድ መስሏት ሳቀች።

"ሰኒ፣ ይዘጋብኛል እኮ።"

"አይሆንም ቲጂ።"

"ስልኬን ስጪኝ።"

"አልሰጥሽም። እባክሽ።"

ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ። ነፋሱ ብቻ ቀረ። ትዕግስት ፊቴን አየችው፤ ያ ፊቴ ደግሞ መቼ ይደብቃል? ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ሲሄድ አየሁት። በአገራችን ያደገ ሰው የመርዶን ምልክት ያውቃል፤ ሰው ሲያቆላምጠው፣ ሲሸሸው፣ ያለ ጊዜው ሲጋብዘው ይገባዋል።

"ድንኳኑ የኔ ነው አይደል?" አለችኝ።

ዓይኔን ወደ ማማው አዞርኩ።

"ሰኒ፣ አንቺን ነው የጠየቅኩሽ። ሌላ ሰው እዚህ የለም። ብሩኬ ነው?"

ጋሽ ከበደ ትዝ አሉኝ፤ ጋሽ ሙላቱ መንገድ ላይ መሆናቸው ትዝ አለኝ። አይደለም ብላት ልታምነኝ አትችልም፤ ግን ቢያንስ እንደ ደንቡ እዋሻለሁ። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል፤ አላውቅም፣ እንሂድ፣ ቤት እንድረስ ይላል። ዓይኖቿን እያየሁ ያን ማለት አቃተኝ። "አዎ። ሌሊት፣ አዋሽ አካባቢ" አልኳት።

ትወድቃለች ብዬ ልይዛት ተጠጋሁ። አልወደቀችም፤ አልጮኸችምም። ቁጭ አለችና ሣር መንጨት ጀመረች። ይህ ከጩኸት ይልቅ አስፈራኝ። ከጥቂት እርምጃ ወዲያ ገደል ነበር፤ በሷና በገደሉ መካከል ተቀመጥኩ።

"ብቻውን ነበር?"

"አላውቅም ቲጂዬ።"

"ጋሼ ሰምቷል?"

"እሳቸው ሊነግሩሽ እየመጡ ነው። ሁሉም ሰው እየጠበቀሽ ነው።"

እንነሣ አልኳት፤ እምቢ አለች። "ትንሽ እንቀመጥ። ከዚህ ከወረድን በኋላ ብቻዬን የምሆንበት ጊዜ የለም" አለችኝ። ከዚያ ስለ ልጅነቱ አንዳንድ ነገር ነገረችኝ። ሲያኮርፍ አልጋ ሥር ይገባ ነበር። ሽንኩርት አይወድም ነበር። ነበር ስትል ድምፅዋ ይሰበራል፣ ታስተካክለዋለች። እኔ ግን አለቀስኩ፤ እሷ ነበረች ጀርባዬን የምትመታኝ።

ፀሐይዋ ዘወር ስትል ተነሣችና ሹራቧን አራገፈች። "ቀድመሽ እንደነገርሽኝ ለማንም አታውሪ" አለችኝ። "ይቀየሙሻል። ደግሞም ጋሼ በዚህ ዕድሜው ከቡታጅራ ድረስ የመጣው ሊነግረኝ ነው። እሱ ይነግረኛል።"

ወፍጮ ቤቱ ጋ ፊቷን ታጠበች። ስልኳን ራሷ አጠፋችው። እስከ ልደታ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ማለት ቻልኩ።

ድንኳኑ ሞልቷል። መኪናዋ ስትገባ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ትዕግስት ክንዴን ይዛ ወረደችና "ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ ነው?" አለች። ምንም እንደማታውቅ ሰው ነበር ያለችው። ጋሽ ሙላቱ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቀረቡ። "ልጄ፣ ወንድምሽ... ብሩክን አጣነው" አሏት።

ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። ሰፈሩን ያንቀጠቀጠ ጩኸት ነበር። ደረቷን መታች፣ መሬት ላይ ወደቀች፤ ሴቶቹ ተሻምተው ያዟት፤ ጋሽ ሙላቱም አብረዋት ወደቁ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። የምታስመስል መሰለኝ፤ ግን ቀርቤ ዓይኗን ሳየው ማስመሰል አልነበረም። ኮረብታው ላይ ያልወጣው ሁሉ እዚያ ወጣ። የሚይዛት ሰው እስክታገኝ ጠብቃ ኖሯል።

ሰፈሩ አመሰገነኝ። ጋሽ ከበደ እንኳ "ሰናይት ምስጢር ያዘች" እያሉ ሲያወሩ ሰማሁ። ምስጋናው እንደ እሾህ ይወጋኝ ነበር። ከአርባው በኋላ ትዕግስት ራሷ ለጋሽ ከበደ እውነቱን ነገረቻቸው። እሳቸውም ባርኔጣቸውን እያገላበጡ ቆዩና "ከጠየቀች ምን ታድርግ?" አሉ።

የዚያን ቀን ፎቶዎች አሁንም ስልኳ ላይ አሉ። እንደሳቀች ያነሳኋት ናቸው፤ እሱ ግን ያን ጊዜ አልፏል። ያሳፍሩኛል፤ ላጥፋቸው ብዬ ለመንኳት። "ተያቸው። እዚህ ላይ ወንድም አለኝ" አለችኝ።

እናንተስ አንባቢዎቼ፣ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ እስከ ዛሬ ልክ መሆኔን እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚያ በፊት መርዶ መደበቅ ኋላ ቀር ልማድ ነው ብዬ የምከራከር ሰው ነበርኩ፤ ያን ጩኸት ከሰማሁ በኋላ መከራከር ተውኩ። ሰው ብቻውን የማይችለው ነገር አለ። ግን ደግሞ ዓይን ለዓይን ተያይቶ የጠየቀን ሰው መዋሸትም አልችልበትም። ሁለቱም በአንድ ላይ ልቤ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አልታረቁም።

በቅርቡ እሑድ ምሳ ላይ ዳዊትን አስጠነቀቅሁት። "መርዶ የምሰማበት የኔ ቀን ሲመጣ ሽርሽር አትውሰዱኝ። ቤቴ አስቀምጡኝ፣ ግራና ቀኝ የሚይዘኝ ሰው አምጡ፣ ከዚያ ያረፈውን ሰው ስም ጠርታችሁ ንገሩኝ" አልኩት። ዳዊት ሟርተኛ ብሎ ተቆጣኝ። ትዕግስት አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ሳህኗን ገፋ አደረገችና "በግራ በኩል እኔ እይዛታለሁ" አለችው።